የመጪው ዘመን እድርተኛ

ይህን የምጽፈው አንድ ምስጋና ወደ ትክክለኛው ባለቤቱ እንዲዞር ነው። ስለ ጊዜ ጉዞ የጻፍኩትን ልብ ወለድ በረቂቅ ያነበቡ ጥቂት ሰዎች አንዱን ምዕራፍ ነጥለው ያመሰግኑልኛል፤ «ከየት አመጣኸው?» እያሉም ይጠይቁኛል። ከምናቤ አላመጣሁትም። ነገሩ የደረሰው እዚሁ አዳማ፣ እኔና እናቴ በምንኖርበት የጋራ መኖሪያ ግቢ፣ በእናቴ ታላቅ ወንድም ላይ ነው። የእኔ ድርሻ የደረሰውን ከዛሬ ወደ ሩቅ መጪ ዘመን ማሻገር ብቻ ነበር። ልብ ወለድ ምንጩን እንዲናገር አይገደድም፤ ደራሲው ግን ይገደዳል ብዬ ስለማምን የሆነውን እንደሆነው አስቀምጣለሁ።

ልብ ወለዱ ስለ አንድ መሐንዲስ ነው። ሰውየው ከዝዋይ ሐይቅ ማዶ፣ ከአዳሚ ቱሉ ብዙም ሳይርቅ፣ ከመሬት ሆድ እንፋሎት እየተሳበ መብራት በሚመነጭበት ስፍራ ይሠራል። አንድ ማለዳ እንፋሎቱ ገንፍሎ አካባቢውን ሲሸፍነው እሱም በጭጋጉ ውስጥ ይሰወራል። ጭጋጉ ሲገፈፍ ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው፤ ተራራውም ያው ተራራ ነው፤ ዘመኑ ግን ሌላ ነው። እሱን የሚያውቁ ሁሉ ካለፉ፣ የልጆቻቸው ልጆችም ካረጁ በኋላ ደርሷል። መመለሻ የለውም። ወደ አዳማ ይመጣና ኑሮን እንደገና ይጀምራል።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ምዕራፎች ስጽፍ፣ እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን በብዛት ያነበበ ሰው እንደሚጽፈው አድርጌ ነበር የጻፍኩት። መሐንዲሱ ይገረማል። ፀሐይን እየተከተሉ በሚዞሩ ሕንጻዎች ይገረማል፤ በአየር ላይ በሚንሳፈፉ ታክሲዎች ይገረማል፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ በሚነጋገሩ ሰዎች ይገረማል። አምስት ምዕራፍ ሙሉ ከመገረም ሌላ ሥራ አልነበረውም። እኔም ይህን ጉድለት ብዬ አላየሁትም ነበር። የምጽፈው ማለዳ ማለዳ፣ ወደ ሥራ የሚወስደኝ ሰርቪስ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ማለዳ ደግሞ ሰው የጻፈውን ሁሉ ይወደዋል።

አጎቴ ወደ ቤታችን የመጡት በዚሁ ጊዜ ነው።

ከመተሐራ ወዲያ፣ በአሮጌው የባቡር መስመር ላይ፣ በካርታ ላይ ለማግኘት ትዕግሥት የምትጠይቅ አንዲት ትንሽ ጣቢያ አለች። አጎቴ በወጣትነታቸው እዚያ ተቀጥረው ባቡር ሲመጣ ባንዲራ ያውለበልቡ፣ ሀዲድ ያስቀይሩ ነበር። ባቡሩ መምጣቱን ሲተው እሳቸው ጣቢያውን አልተዉም። ሌሎቹ ሠራተኞች አንዳንዱ ወደ ድሬዳዋ፣ አንዳንዱ ወደ ስኳሩ እርሻ፣ አንዳንዱም ወደ ልጆቹ ሲበተን እሳቸው ከባለቤታቸው ጋር በጣቢያው ቤት ቀሩ፤ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ደግሞ ብቻቸውን። የባቡር ሠራተኞቹ እድር ነበራቸው፤ ባለቤታቸውን የቀበረውም ያ እድር ነው። ከዚያ ወዲህ አባላቱ በየተራ እየሄዱ፣ እየሞቱም አልቀው በመጨረሻ የቀሩት አጎቴና አንድ ድንኳን ብቻ ሆኑ። ድንኳኑን ምስጥ በላው።

«እድሬ ከእኔ ቀድሞ ሞተ» ይሉ ነበር። «ቀባሪ እንኳ አላገኘም ምስኪን።»

ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ እናቴ ሄዳ አመጣቻቸው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ቤታችንን ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁት ከበላያችን ሰው ይኖር እንደሆነ ነው።

«ይኖራል» አለች እናቴ።

«ከእነሱስ በላይ?»

«ከእነሱም በላይ ይኖራል።»

ወዲያው ከላይ ዱም፣ ዱም የሚል ድምፅ መጣ። አጎቴ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ።

«ምንድነው እሱ?»

«በርበሬ እየወቀጡ ነው።»

«በእኔ ራስ ላይ?»

«በወለላቸው ላይ ነው ወንድሜ። ወለላቸው ነው ያንተ ጣሪያ።»

«ተይ እንግዲህ» አሉና ተቀመጡ። በማግሥቱ የላይኞቹን ደረጃ ላይ አግኝተው በርበሬው እንዴት እንደሆነላቸው ጠየቋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከላይ ወደ ታች በርበሬ ይወርድልን ጀመር።

እኔ ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ከውጭ የመጣው ዕቃ ሰነዱ በፈረንጅ ዘመን ይመጣል፤ እኛ የምንጽፈው ደብዳቤ በራሳችን ዘመን ነው፤ ቀኔን የማሳልፈው አንዱን ወደ ሌላው ስመልስ ነው። አጎቴ ሥራዬን ጠይቀው ይህን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡ።

«እንግዲያ አንተ ጠዋት ሰባት ስምንት ዓመት ወደፊት ሄደህ ትሠራና ለራት ትመለሳለህ ማለት ነው።»

«እንደዚያ ማለት ይቻላል፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ያ መጽሐፍህ ላይ ያለው ሰውዬ ምን ሆኖ ነው መመለስ ያቃተው?»

መጽሐፉን ያወቁት እሑድ እሑድ ለእናቴ ሳነብ ሰምተው ነው። እናቴ ምስር እየለቀመች ታዳምጠኛለች፤ ታማኝ አድማጭ ናት፤ ምስሩ ሲያልቅ ግን ማዳመጧም ያልቃል። አጎቴ የሚለቅሙት ነገር አልነበራቸውም። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምንም ሳይሉ ነበር የሚሰሙት። አስተያየታቸውን የነገሩኝ ዝዋይ ላይ ነው።

የመሐንዲሴን አገር በዓይኔ ለማየት አንድ ቅዳሜ ወደ አዳሚ ቱሉ ለመሄድ ተነሳሁ፤ አጎቴም አየር መለወጥ አለብኝ ብለው አብረውኝ ወጡ። ከሞጆ ታጥፈን፣ በመቂ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳዎች አልፈን ዝዋይ ስንደርስ ምሳ ሰዓት ሆነ። ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ አዘዝን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጠገባችን ቆመው፣ ሰው ቶሎ በልቶ እንዲነሳላቸው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

«ሰውዬህ አሁን ምን ላይ ደረሰ?» አሉ አጎቴ የዓሣውን አጥንት እየለዩ።

«አዲሱን ዘመን እየተላመደ ነው፣ ጋሼ።»

«ከመጣ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ስድስት ወር ገደማ።»

«ስድስት ወር ሙሉ ይገረማል? ጅል ነው እንዴ?»

ዘመኑ ሌላ እንደሆነ፣ ያየው ነገር ሁሉ ከአእምሮው በላይ እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«መገረም ሳምንት አይሞላም» አሉኝ። «እኔን እየኝ። እዚህ የመጣሁ ሰሞን ዳቦ በስልክ ሲከፈልበት አይቼ ጉድ አልኩ። በሳምንቱ የገረመኝ የዳቦው ማነስ ነው።»

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር።

«እድር አለው?»

«ማን?»

«ሰውዬህ ነዋ!»

«እድር... የለውም። አላሰብኩበትም።»

«ቢሞት ማን ይቀብረዋል?»

«ያን ጊዜ እንግዲህ ለዚህም ማሽን ይኖራል።»

«ማሽኑ መቆፈሩን ይቆፍር። ድንኳኑ ውስጥ ማን ይቀመጣል? ‹እገሌ ሞተ› ሲባል ‹እገሌ ማነው?› ሳይል ነጠላውን አንስቶ የሚወጣ ማነው?» እጃቸውን ታጠቡና ወደ ሐይቁ ዞሩ። «እኔም እኮ የለኝም» አሉ ቀስ ብለው።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴ የግቢያችን እድር አባል ናት፤ ወንድሟ ቢሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ያስተዛዝናል፤ ይህን አላጡትም። የፈለጉት ግን ሌላ ነበር።

«ያ ለእሷ ነው» አሉኝ። «‹የሷ ወንድም ሞተ› ነው የሚባለው። እንደ እንግዳ ሻንጣ በእህቴ ስም መሸኘት አልፈልግም። ራሴን ችዬ አባል ሆኜ፣ የሰው ሬሳ ተሸክሜ፣ የኔም ቀን ሲደርስ በራሴ ስም እንድጠራ ነው። እዚህ ዘመን ውስጥ መጥቻለሁ እንዲባል።»

በመልሱ መንገድ እሳቸው ተኙ፤ እኔ ግን ስለ አምስቱ ምዕራፎች እያሰብኩ አዳማ ገባሁ።

የእድራችን ዳኛ የሁሩታ ሰው ናቸው፤ ገበያው አጠገብ የእህል መጋዘን አላቸው። እድሩ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ያቀፈ ነው፤ እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ ጸሐፊው ጴንጤ ነው፤ ጠብ የሚነሳው በሃይማኖት ሳይሆን አግዳሚ ወንበር በመመለስ ላይ ብቻ ነው። ከአጎቴ ጋር ሄድን። ዳኛው ከስንዴ ጆንያዎቹ መካከል ብድግ ብለው ተቀበሉን።

«አከም ጅርቱ፣ አባባ?»

«ፈያ፣ ገለታ ረቢ!» አሉ አጎቴ፤ ቀጥለውም ሰላምታውን በኦሮምኛ አንድ በአንድ አዳረሱት፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ። ዳኛው በከተማ ሰው ስለ ከብታቸው ከተጠየቁ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ኖሮ ፊታቸው በራ። የመጣንበትን ጉዳይ ሲሰሙ ግን አገጫቸውን አከክ አከክ አደረጉ።

«አባባ፣ ደንብ አለብን። ዕድሜው ከስልሳ ያለፈ አዲስ አባል አንቀበልም።»

«ለምን ይሆን?»

«እንግዲህ... ለመሞት ነው የሚመጡት ይባላል።»

«ከስልሳ በታች ያለው ለምን ይመጣል?»

ዳኛው ጆንያ ላይ ተደግፈው ሳቁ። «እሱስ ልክ ነዎት። ግን ዛሬ ተቀብለንዎት ነገ ቢሞቱብንስ?»

«ነገ እንኳ አይመቸኝም። የዓይን ቀጠሮ አለኝ።»

ዳኛው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠርገው፣ ደንቡን መለወጥ የሚችለው ጠቅላላ ጉባኤው ብቻ መሆኑን አስረዱ። ጉባኤው ቅርብ ነው። «እስከዚያው ሰው ይወቅዎት፤ ለቅሶ ላይ ይታዩ። እኔ ስናገር ‹ማናቸው?› የሚል እንዳይነሳ። እንዲያ ከሆነ እኔም አፍ ይኖረኛል።»

አጎቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሞት ሰው ይጠብቁ ነበር ብል ክፉ ይመስልብኛል። ቢሆንም ጋቢያቸው ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

በእኛ እድር ለቅሶ የሚነገረው በስልክ ግሩፕ ነው። ጥሩምባ የሚነፋ የለም። አንድ ማለዳ እናቴ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል ስልኳን አየችና «ብሎክ ዘጠኝ ለቅሶ ነው፤ የአንዱ አባል እናት አረፉ» አለች። አጎቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ከእሷ ቀድመው ወጡ። በማግሥቱም እንዲሁ ጠዋት ወጡ፤ በሦስተኛውም ቀን። ማታ ሲመለሱ ደክመው፣ ግን ደስ ብሏቸው ነበር። ሟቹን እያነሱ «ደህና ሰው ነበር አሉ» ይሉናል፤ እናቴም ሐዘን ውስጥ ስለከረሙ ተሳስተው ሴትየዋን «ሰው ነበር» ይላሉ ብላ አለፈችው። እሷ ድንኳኑ ጋ የምትደርሰው ከሥራ መልስ ስለሆነ ስታጣቸው ቀድመው ወደ ቤት የሄዱ መስሏታል።

ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ዳኛው ረፋድ ላይ ለእናቴ ደወሉ።

«ወንድምሽ ታመሙ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ናቸው። ለቅሶው ላይ አይደሉም?»

«የቱ ለቅሶ? እኛ ዘንድ አንድም ቀን አልታዩም። ሰው እየጠየቀኝ ነው እኮ።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ሂድና ፈልጋቸው» አለች፤ ድምፅዋ ላይ ፍርሃት ነበረ።

በግቢያችን የኋላ በር ወጣሁ። አስፋልቱን ተሻግሮ ሁለተኛው የጋራ መኖሪያ ግቢ አለ፤ ሕንጻዎቹ የእኛኑ ይመስላሉ፤ ቀለማቸውም የእኛው ነው፤ ቁጥራቸውም እንደገና ከአንድ ይጀምራል። እዚያ ካለው ብሎክ ዘጠኝ ፊት ለፊት አንድ ድንኳን ተተክሏል። ገባሁ። ካርታ ከሚጫወቱት ሽማግሌዎች አለፍ ብሎ፣ አጎቴ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መስቀለኛ አስረው፣ ሳህን ይዘው ንፍሮ ያድላሉ።

ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ። «ጋሼ፣ ለቅሶ ተሳስተዋል።»

«ለቅሶ ይሳሳታል እንዴ?»

«የእኛ ብሎክ ዘጠኝ ከአስፋልቱ ወዲያ ነው። ይህ ሌላ እድር ነው። ሟቹን ያውቋቸዋል?»

«አሁንማ አውቃቸዋለሁ። ሦስት ቀን የሰማሁት ስለሳቸው ነው።»

ነገሩን ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። ሳህኑን እንደያዙ ቆሙ። ከጣቢያቸው ከመጡ ወዲህ ብዙ እንግዳ ነገር ሲያጋጥማቸው አይቻለሁ፤ ሲደነግጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«በእኛ ዘንድ» አሉኝ፣ «ድንኳን ካየህ ድንኳኑ ያንተ ነው። ሌላ የለማ።»

እንሂድ ስላቸው ግን እንቢ አሉ። ሰልስት ነው፤ ንፍሮውን ያያዙት እሳቸው ናቸው፤ ጀምረው አይተዉም። ሟቹ የጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። አጎቴ በበረሃው ጣቢያ ስንት ሾፌር ውሃ ሲለምን፣ ጎማ ሲቀይር፣ በመኪናው ጥላ ሥር ሲተኛ ያዩ ሰው ናቸው፤ ስለ ሾፌሮች ኑሮ ያወጉትን ልጆቹ ዙሪያቸውን ከበው ሲያዳምጡ ነበር የከረሙት። ሟቹን አውቃቸዋለሁ አላሉም። ማንም አልጠየቃቸውማ።

ወደ እኛ ድንኳን ስንደርስ ድንኳኑ ሊነሳ ገመዱ እየተፈታ ነበር። አግዳሚዎቹ ተደራርበዋል። ከአባላቱ አንዱ፣ ቀልድ የሚወድ የጎሚስታ ባለቤት፣ ቀና አለና፦

«አባባ፣ ለሚቀጥለው ሰው ነው በጊዜ የደረሱት?»

ሰዎች ሳቁ። አንዲት ሴትዮም «ገና ሳይገቡ መቅረት ጀመሩ» ስትል ሰማሁ። ዳኛው ፊታቸውን አዙረው ገመድ መጠቅለል ቀጠሉ። አጎቴ ጎንበስ ብለው የአንዱን አግዳሚ ጫፍ አነሱ፤ እኔ ሌላውን ያዝኩ፤ እስከ ዕቃ ቤቱ ድረስ ተሸከምን።

ከዚያ አጎቴ እናቱ ወደ ሞቱበት አባል ቤት ሄደው፣ የዘገዩበትን ሳይደብቁ ተናገሩ። ሰውየው በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «እናቴም እኮ እንደዚያው ነበረች፤ ስንት ጊዜ የሰው በር ከፍታ ልትገባ ስትል መልሰናታል።» ይህ አጎቴን አላጽናናቸውም። ቤት ሲገቡ ጋቢውን ለእናቴ ሰጧት።

«በቃ፣ በስምሽ ልሁን» አሉ። «ዘመኑ አላወቀኝም፤ እኔም አላወቅኩትም።»

እናቴ «ይታያል» ብላ ጋቢውን እንደገና አጠበችው።

ጉባኤው እሑድ ጠዋት በሕንጻዎቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ተደረገ። ነፋስ ነበር፤ አዳማ ስለሆነ ነፋሱን ማንሳት እንኳ አያስፈልግም፤ ሰው ባርኔጣውን ይዞ ነው የሚሰበሰበው። እናቴ አጎቴን ለምና አመጣቻቸው፤ ከዳር፣ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። የእሳቸው ጉዳይ በአጀንዳው መጨረሻ ላይ ነበረ። ዳኛው ገና የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ወደ ሌላ ሰፈር መዛወሩን እየተናገሩ ሳለ፣ ከኋላው በር በኩል ሦስት ወንዶች መጡ። ሁለቱን ወዲያው ለየኋቸው፤ የዚያ ሾፌር ታላቅ ልጅና የማዶው እድር ዳኛ ነበሩ።

«ይቅርታ፣ ስብሰባ አቋረጥን» አለ ልጁ። «አንድ የባቡር ሰው የነበሩ አባት ሦስት ቀን ከእኛ ጋር ውለዋል። አባታችን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት መንገድ ላይ ነበር፤ ኑሯቸውን እኛ አናውቀውም ነበር። የነገሩን እኒያ አባት ናቸው። የማን እድርተኛ እንደሆኑ ብንጠይቅ ወደዚህ አመለከቱን። እድራችሁን ልናመሰግን ነው የመጣነው።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ደረጃው ዞረ፤ አጎቴ መሬት መሬት ያያሉ። ዳኛው አንድ ጊዜ ወደ እሳቸው፣ አንድ ጊዜ ወደ ጎሚስታው፣ አንድ ጊዜ ወደ ማዶው ዳኛ ተመለከቱ። የማዶው ዳኛ ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል።

«አዎ» አሉ የእኛው ዳኛ። «የእኛ ናቸው።»

«እንዲህ ያለ ሰው ስላላችሁ ታድላችኋል።»

«እኛ እንዲህ ነን እንግዲህ። ሰፈር ሳንለይ ነው ሰው የምንልከው።»

እንግዶቹ አጎቴን ጨብጠው፣ ጉባኤውን መርቀው እስኪወጡ ድረስ ማንም አልሳቀም። በሩ ሲዘጋ ግን ግቢው ተናወጠ። ጎሚስታው «ላኪው ማነው? እኔ ነኝ የላክኋቸው?» እያለ ይንፈራፈራል። ከሁሉም ያልሳቀው ጸሐፊው ብቻ ነበር።

«ዳኛ፣ ደንቡስ?»

«ደንቡን እናሻሽል ወይስ እኔ ተከትያቸው ልሩጥና ዋሽቻችኋለሁ ልበላቸው?»

እጅ ወጣ። ቆጥሮ የጨረሰ አልነበረም፤ አስፈላጊም አልሆነ። ዳኛው አጎቴን የሚናገሩት ካለ ጠየቁ። አጎቴ ተነሱ።

«የማዶዎቹም ግባ ብለውኝ ነበር» አሉ።

«እና ምን አሏቸው?»

«ያለኝ አንድ ሬሳ ነው፣ ለሁለት ቦታ አይበቃም አልኳቸው።»

በዚያው ጉባኤ ንብረት ክፍሉ ለእሳቸው ተሰጠ። ያንኑ ሳምንት አምስቱን የመገረም ምዕራፎች ከረቂቁ አወጣሁ። አላዘንኩባቸውም። በምትካቸው መሐንዲሴ በመጪው ዘመን አዳማ ውስጥ አንድ ድንኳን ያያል፤ የሱ እድር መስሎት ይገባል፤ ማንነቱን የሚጠይቀው የለም፤ ሳህን ይሰጡታል። በዚያ ዘመን ስለ ድንኳን ምን ዓይነት ነገር መፈልሰፍ እንዳለብኝ ብዙ አሰብኩና ምንም ላለመፈልሰፍ ወሰንኩ። ሸራና ገመድ ነው። ምዕራፉን እሑድ አነበብኩላቸው። እናቴ ምስሩን ጨርሳ እንኳ አልተነሳችም።

«ንፍሮ አለው?» አሉ አጎቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አለው።»

«እንግዲያ ይኖራል» አሉ፤ ስለ ሰውየው ማለታቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በር አጠገብ ተሰቅሎ ይኖራል፤ አጎቴም ማለዳ እኔ ስጽፍ እሳቸው ወርደው አግዳሚ ወንበሮች ይጠግናሉ። መዶሻው ይሰማኛል። ድምፁ እንደማይረብሸኝ ነግሬያቸዋለሁ፤ እውነትም አይረብሸኝም። ዓይናቸው በቀጠሮው ጥቂት ተሽሎላቸዋል፤ ዕቃ የሚቆጥሩት ግን አሁንም በእጃቸው እየዳሰሱ ነው፤ እንዲያ ይሻለኛል ይላሉ።

በኃላፊነታቸው መጀመሪያ ያጋጠመው ለቅሶ የአንድ ጡረተኛ አስተማሪ ነበር። ድንኳኑን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው፤ ሬሳውንም ጥቂት መንገድ ተሸክመዋል። ከሰልስቱ በኋላ ዕቃው ተመልሶ ሲገባ እኔ አቀባይ ሆንኩ፤ ዳኛው በሩን ተደግፈው ቆመው ነበር። አጎቴ ሳህኑን፣ ድስቱን፣ ብርጭቆውን እየዳሰሱ በየመደርደሪያው አኖሩ፤ የመጨረሻውን ሲያስቀምጡ እጃቸውን አራገፉ።

«የጠፋ አለ፣ አባባ?» አሉ ዳኛው።

«አምስት ብርጭቆ። ጭልፋ አንድ። የማንቆርቆሪያ ክዳን አንድ። ነገ በየቤቱ ዞሬ አመጣዋለሁ፤ ‹ማነው?› የሚለኝ የለም።»